የሚያም እጅ ይረፍ ወይስ ይንቀሳቀስ?

(በመሠረተ ትምህርት የሬዲዮ ዝግጅት ከቀረበ የጤና ንግግር በጽሑፍ የተገለበጠ)

 

የዛሬው ትምህርታችን ስለ እጅ ነው። እርሳስ ስለሚይዘው እጅ፤ ፍየል ስለሚያልበው እጅ፤ ሰሌን ስለሚሠራው እጅ። ይህ እጅ አንድ ቀን ጠዋት «አልታዘዝም» ቢል ምን ይደረጋል? ጣቶቹ ቢያብጡ፣ ቢግሉ፣ መጨበጥ ቢያቅታቸውስ?

አንዱ ጎረቤት «ተኛ፤ እጅህን አትንካው» ይላል። ሌላው ደግሞ «ጠንክር፤ ሥራው ራሱ ያፍታታዋል» ይላል። ሁለቱም ግማሽ እውነት ይዘዋል። ግማሽ እውነት ግን ጣትን አጣሞ ሊያስቀር ይችላል። ስለዚህ ዛሬ ሙሉውን እንማራለን።

በሽታው ምንድን ነው?

ብዙ ሰው ይህን ሕመም ቁርጥማት ይለዋል። አንዳንዱ ሪህ ይለዋል። ሌላው «ብርድ መታኝ» ይላል። ሐኪሞች ግን ሩማቶይድ አርትራይተስ ይሉታል። ስሙ ረጅም ነው፤ ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ሩ-ማ-ቶ-ይ-ድ አር-ት-ራ-ይ-ተስ። የመገጣጠሚያ በሽታ ነው።

መገጣጠሚያ ማለት አጥንትና አጥንት የሚገናኙበት ቦታ ነው። ጉልበት መገጣጠሚያ ነው። ክርን መገጣጠሚያ ነው። በአንድ እጅ ጣቶች ላይ ብቻ እንኳ ብዙ መገጣጠሚያዎች አሉ። እስቲ አሁን አንድ ጣታችሁን እጠፉና ቁጠሯቸው።

በሽታው ከምን ይመጣል? ሰውነታችን ጠባቂ አለው። ጠባቂው ከውጭ የሚገባውን ጀርም ይወጋል። በዚህ በሽታ ጊዜ ግን ጠባቂው ይሳሳታል። ጅብ ጠብቅ የተባለ ውሻ ተመልሶ የጌታውን ፍየል ሲነክስ አስቡት። የሰውነት ጠባቂም እንዲሁ የመገጣጠሚያውን የውስጥ ሽፋን ይወጋል። ያን ጊዜ ሽፋኑ ያብጣል፤ ውሃ ይቋጥራል፤ ይግላል። በጊዜ ካልታከመ አጥንቱን ይበላል፤ ጅማቱን ያላላል፤ ጣቱ ይጣመማል።

እንግዲህ ብርድ አይደለም ያመጣው። ምክንያቱ ብርድ ቢሆን ኖሮ አፋምቦ ውስጥ ማን ይታመም ነበር? በሽታው በደጋም አለ፤ በቆላም አለ። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ላይ 18 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ይህ በሽታ ነበረባቸው። ከ100 ሕሙማን 70ዎቹ ያህል ሴቶች ናቸው።

እርግማንም አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። አብሮ መብላት፣ አብሮ መተኛት፣ እጅ መጨባበጥ አያስይዝም። ጣቱ የተጣመመ ሰው ሲታይ አንዳንዱ «ሥጋ ደዌ ነው» ብሎ ይሸሻል። ይህ ስሕተት ነው። ሥጋ ደዌ ያደነዝዛል፤ ይኸኛው ግን ያማል። ደግሞስ ሥጋ ደዌም ቢሆን በመድኃኒት ይድናል። መሸሽ ለማንኛቸውም መድኃኒት አይሆንም።

በምን ይታወቃል?

የሚከተሉትን ምልክቶች ልብ በሉ።

1. ሁለቱም እጆች ወይም ሁለቱም እግሮች አንድ ላይ ያማሉ። ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከትናንሾቹ መገጣጠሚያዎች፣ ከጣቶችና ከእጅ አንጓ ነው።

2. ጠዋት ሲነሱ መገጣጠሚያው ድርቅ ይላል። ለመፍታታት ከግማሽ ሰዓት በላይ፣ አንዳንዴም ሰዓታት ይፈጅበታል።

3. እብጠቱ ሲነኩት ልል ነው፤ ይሞቃል። ከስድስት ሳምንት በላይ ይቆያል።

4. ድካም ይኖራል። የምግብ ፍላጎት ይቀንሳል።

ነገር ግን የመገጣጠሚያ ሕመም ሁሉ ይህ በሽታ አይደለም። ጥሬ ወተት የሚጠጣ ሰው ብሩሴሎሲስ የሚባለው የከብትና የፍየል በሽታ ሊይዘው ይችላል። እሱም ትኩሳትና የመገጣጠሚያ ሕመም አለው። በወባ ትንኝ ሳይሆን በሌላ ትንኝ የሚመጣው ቺኩንጉንያም አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2019 በድሬዳዋ ብዙ ሰው ያሳመመው እሱ ነው። አንድ መገጣጠሚያ ብቻ በድንገት አብጦ ትኩሳት ከመጣ ደግሞ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መድረስ ያስፈልጋል፤ ውስጡ መግል ይዞ ይሆናል። ስለዚህ በሽታውን የሚለየው ሐኪም ነው፤ ገምቶ መድኃኒት መግዛት አይገባም።

ፊዚዮቴራፒ ምን ማለት ነው?

ፊዚዮቴራፒ ማለት በእንቅስቃሴ፣ በሙቀትና በቅዝቃዜ፣ በድጋፍና በምክር የሚሰጥ ሕክምና ነው። ባለሙያው ፊዚዮቴራፒስት ይባላል። መገጣጠሚያው ምን ያህል እንደሚታጠፍ ይለካል። ጡንቻው ምን ያህል እንደደከመ ይመረምራል። ከዚያ ለእናንተ የሚስማማውን እንቅስቃሴ ያሳያችኋል።

ይህ ሕክምና ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በ1958 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተቋቋመው አለርት የሥጋ ደዌ ሕሙማንን እጅና እግር በእንቅስቃሴ ሕክምና ሲረዳ ኖሯል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲም የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎችን ያስተምራል። ይሁን እንጂ ባለሙያዎቹ ጥቂት ናቸው፤ በየወረዳው አይገኙም። ስለዚህ ሕመምተኛው ራሱ፣ ቤተሰቡም ጭምር፣ ነገሩን ማወቅ አለባቸው። የፊዚዮቴራፒ ትልቁ ሥራ በሆስፒታል አያልቅም፤ በየቀኑ በቤት ውስጥ ይሠራል።

እንቅስቃሴ ሕመምን እንዴት ይቀንሳል?

«የሚያመኝን እያንቀሳቀስኩ እንዴት ይሻለኛል?» ትሉ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ከምታውቁት ነገር እንነሣ።

ከአዋሽ ወደ እርሻ የሚሄደውን የመስኖ ቦይ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ውሃ ካልሄደበት ምን ይሆናል? ደለል ይሞላዋል። ይደርቃል። ውሃው ከመጠን በላይ ከመጣስ? ግድቡን ይሰብራል። በ2012 ዓ.ም. ክረምት አዋሽ ሞልቶ በታችኛው ሸለቆ ያደረሰውን ጥፋት የምታስታውሱ አላችሁ። ለቦዩ የሚበጀው መጠኑ የታወቀ፣ በየቀኑ የሚሄድ ውሃ ነው። ለመገጣጠሚያም እንዲሁ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በመገጣጠሚያ ውስጥ አጥንቶቹ እንዳይፋጩ የሚያለሰልስ ፈሳሽ አለ። የአጥንቱን ጫፍ የሚሸፍነው ለስላሳ ሽፋን ምግቡን የሚያገኘው ከዚህ ፈሳሽ ነው። ፈሳሹን የሚያዳርሰው እንቅስቃሴ ነው። ሁለተኛም፣ ጡንቻ ሲጠነክር ሸክሙን ከመገጣጠሚያው ላይ ይካፈላል። የተኛ ጡንቻ ግን በጥቂት ቀን ይከሳል። ያን ጊዜ ሸክሙ ሁሉ በታመመው አጥንት ላይ ይወድቃል፤ ሕመሙም ይብሳል። ሦስተኛም፣ ያልታጠፈ መገጣጠሚያ ጅማቱ ያጥርና እንደደረቀ ይቀራል።

ቀድሞ ሐኪሞችም ቢሆኑ እንዲህ ያለውን ሕመምተኛ ለሳምንታት አልጋ ላይ ያስተኙት ነበር። በኋላ ግን በጥናት ተለወጠ። ለምሳሌ በእንግሊዝ አገር 490 ያህል ሕሙማን የተካፈሉበት ጥናት ነበር፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2014 ወጣ። ከፊሎቹ የተለመደውን ሕክምና ብቻ አገኙ። ከፊሎቹ በዚያ ላይ የእጅ እንቅስቃሴ ተጨመረላቸው። ከአንድ ዓመት በኋላ፣ እንቅስቃሴ የተጨመረላቸው ሰዎች እጃቸው ለሥራ የበለጠ የታዘዘ ሆኖ ተገኘ። እንቅስቃሴውም በሽታቸውን አላባባሰውም። «ባንቀሳቅሰው ይብስብኛል» የሚለው ፍርሃት መልስ አገኘ ማለት ነው።

መቼ ይረፍ? መቼ ይንቀሳቀስ?

የዛሬው ትምህርት ዋናው ቁም ነገር ይኸውላችሁ።

መገጣጠሚያው ቀልቶ፣ ግሎ፣ አብጦ ሲያስቸግር ከከባድ ሥራ ይረፍ። ግን ፈጽሞ አይተኛ። በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ቀስ ብሎ፣ ያለ ጉልበት፣ እስከሚችለው ድረስ ይታጠፍና ይዘርጋ።

እብጠቱና ግለቱ ሲቀንስ እንቅስቃሴው ይጨመር። ያን ጊዜ ጡንቻን የሚያጠነክር ሥራ ይጀመር።

«መጠኑን በምን አውቃለሁ?» በሁለት ሰዓት ታውቁታላችሁ። ከእንቅስቃሴ በኋላ ትንሽ ሕመም ቢሰማ አያስደነግጥም። ነገር ግን የተጨመረው ሕመም ከሁለት ሰዓት በላይ ከቆየ አብዝታችኋል ማለት ነው። በማግስቱ ግማሹን ብቻ ሥሩ። ጨርሶ አትተዉት፤ ግማሹን ሥሩ።

በቤት የሚሠሩ እንቅስቃሴዎች

እንቅስቃሴው ሰዓት ያስፈልገዋል፤ ሰዓት የሌለው ሥራ ይረሳል። ሙስሊም የሆናችሁ ሰዓቱ አላችሁ። በቀን አምስት ጊዜ ለሶላት ውዱእ ታደርጋላችሁ። እጃችሁን በታጠባችሁ ቁጥር ጣቶቻችሁን አንቀሳቅሱ። ሌሎቻችሁም ከምግብ በፊት እጅ ስትታጠቡ አድርጉት። እንዲህ ከሆነ አይረሳም።

አሁን አብረን እንሥራ። ገጹን ከጎናችሁ አስቀምጡት።

1. እጃችሁን ዘርጉ። ከዚያ ጣቶቻችሁን ቀስ ብላችሁ እጠፉና ልል ጭብጥ አድርጉ። ከ1 እስከ 5 ቁጠሩ። መልሳችሁ ዘርጉ። ይህን 5 ጊዜ አድርጉ። አጥብቃችሁ አትጨብጡ።

2. በአውራ ጣታችሁ የሌሎቹን ጣቶች ጫፍ አንድ በአንድ ንኩ። ከሌባ ጣት ጀምሩ፤ በትንሿ ጣት ጨርሱ። ትንሿ ጣት ዘንድ ባይደርስ አታስገድዱት።

3. መዳፋችሁን ሰሌን ላይ አሳርፉ። ጣቶቻችሁን አንድ በአንድ ወደ አውራ ጣት አቅጣጫ አራምዱ። በዚህ በሽታ ጣቶች ወደ ትንሿ ጣት በኩል ማዘንበል ይወዳሉ። ይህ እንቅስቃሴ ወደ ሌላው ወገን ይመልሳቸዋል።

4. ክርናችሁን አሳርፋችሁ የእጅ አንጓችሁን ወደ ላይና ወደ ታች አንቀሳቅሱ። ከዚያ መዳፋችሁን ዱዓ እንደሚያደርግ ሰው ወደ ላይ፣ ቀጥሎ ወደ ታች አዙሩ። 5 ጊዜ።

5. ሁለቱን እጆች ወደ ላይ አንሡ፤ የሚደርሱበት ድረስ ብቻ። ትከሻ የሚደርቀው ሳይታወቅ ነው።

6. በርጩማ ላይ ተቀመጡ። አንድ እግር ቀጥ አድርጋችሁ ዘርጉ። ከ1 እስከ 5 ቁጠሩና አውርዱ። በእያንዳንዱ እግር 10 ጊዜ አድርጉ። ይህ የጭን ጡንቻን ያጠነክራል፤ ጉልበትንም ያሳርፋል።

7. እብጠቱ ሲቀንስ ብቻ፣ ለስላሳ ጨርቅ ጠቅልላችሁ በመዳፋችሁ ቀስ ብላችሁ ጨብጡ። ከ1 እስከ 5 ቁጠሩና ልቀቁ።

በእግር መሄድም ጥሩ ሕክምና ነው። በቀን 10 ደቂቃ ጀምሩ። በየሳምንቱ ጥቂት ጨምሩ። በአፋር ፀሐይ ግን ቀትር ላይ አትሂዱ። ጎሕ ሲቀድና ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ይሁን። ውሃ ጠጡ፤ ልል ጫማ አድርጉ።

ሙቀትና ቅዝቃዜ

ጠዋት ለደረቀ እጅ ሙቀት ይስማማዋል። ለብ ያለ ውሃ በሳህን አድርጉና እጃችሁን ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ንከሩ። እዚያው ውሃው ውስጥ ጣቶቻችሁን አንቀሳቅሱ። እንቅስቃሴው ይቀላል። ማገዶ ከሌለ ውሃ የሞላ ጀሪካን ፀሐይ ላይ አቆዩት። የውሃውን ሙቀት በክርናችሁ ለኩ፤ ሕፃን እንደሚታጠብበት ውሃ መሆን አለበት።

ለቀላና ለጋለ መገጣጠሚያ ግን ቅዝቃዜ ይሻለዋል። በረዶ የለም? ግድ የለም። ሌሊት ቀዝቅዞ ባደረ ውሃ ጨርቅ ንከሩና ለ10 ደቂቃ ጠቅልሉት። በረዶ ካገኛችሁም በጨርቅ ሳትጠቀልሉ በቆዳ ላይ አታሳርፉት።

ስለ ፍል ውሃም እናንሣ። የአገራችን ሰው ፍል ውሃ ለቁርጥማት እንደሚበጅ ከጥንት ያውቃል። አዲስ አበባ የተቆረቆረችው በፍል ውሃዋ አካባቢ ነው። በላይኛው አዋሽ ሶደሬ አለ። ለብ ያለ ውሃ ሰውነትን ተሸክሞ ስለሚያቀል በውስጡ መንቀሳቀስ በእውነት ሕመምን ያስታግሳል። በሽታውን ግን አያጠፋም። ደግሞ ፍል ውሃ ሁሉ መታጠቢያ አይደለም። በሰመራ አቅራቢያ ያለው የአላሎባድ ምንጭ የሚፈላ ነው፤ ሥጋ ያቃጥላል። የአዋሽ ወንዝና ሐይቆቹም አዞ አለባቸው። በሳህን የቀረበ ውሃ ይበቃችኋል።

ሥራን እንዴት እንሥራ?

«ታምሜያለሁ ብዬ ልቀመጥ? ውሃውን ማን ያመጣል? ልጆቹን ማን ያበላል?» የምትሉ እናቶች አላችሁ። ልክ ናችሁ። ሥራ አይቀርም። አሠራሩ ግን ሊለወጥ ይችላል። ደንቡ አንድ ነው፤ ትልቁ መገጣጠሚያ ትንሹን ያግዘው።

ሙሉ ጀሪካን 20 ሊትር ይይዛል፤ 20 ኪሎ ይከብዳል። ያን በጣት አንጠልጥሎ መሄድ ጣትን መጉዳት ነው። በ5 ሊትር ዕቃ ደጋግማችሁ አምጡ፤ ወይም በጀርባና በአህያ ጫኑት። ድስት በሁለት መዳፍ ደግፋችሁ አንሡ። በር በጣት ሳይሆን በመዳፍ ወይም በክንድ ግፉ። የታጠበ ልብስ በጣት አትጠምዝዙ፤ በእንጨት ላይ ጣሉና ውሃው ይንጠፍጠፍ። ወተት ስትንጡ የተንጠለጠለውን ቆዳ ጨብጣችሁ አትጎትቱ፤ በመዳፋችሁ ግፉት። ሰሌን ስትሠሩ በየ20 ደቂቃው አቁሙና ጣታችሁን ዘርጉ። ቤት ሲነቀልና ሲተከል ምሰሶውን ሌላ ሰው ይያዝ።

ባሎች፣ ወንድሞች፣ ልጆች፣ ይህ ለእናንተም ነው። አንድ ጀሪካን ማንሣት ለእናንተ ትንሽ ነገር ነው፤ ለሷ ግን የአንድ ሌሊት እንቅልፍ ነው። ሰላምታ ስትሰጡም እጇን አጥብቃችሁ አትጨብጡ።

ጉልበቱ የታመመ ሰው ለሶላት መስገድ ቢያቅተው ተቀምጦ መስገድ እንደሚችል ሃይማኖቱ ይፈቅዳል።

ተማሪዎችስ? ቀጭን እርሳስ የታመመ ጣትን ያስጨንቃል። በእርሳሱ ላይ ጨርቅ ጠቅልሉበት። አውራ ጣት እስኪያህል ይወፍር። ከዚያ ልል አድርጋችሁ ያዙት። 10 ደቂቃ ጻፉ፤ እጃችሁን ዘርጉ፤ እንደገና ጻፉ። ፊደላችሁ ትልልቅ ቢሆን አያሳፍርም። ጣቴ ታመመ ብሎ ግን ትምህርት ማቋረጥ አይገባም።

የማይደረጉ ነገሮች

ያበጠ መገጣጠሚያ በኃይል አይታሽም፤ አይጎተትም። ወጌሻ ወልቃትና ስብራት ያውቅ ይሆናል፤ ይህ ግን ወልቃት አይደለም። በተለይ አንገት እንዳይጠመዘዝ ተጠንቀቁ። በሽታው የአንገትን የላይኛውን አጥንት ሊያላላ ይችላል። ያን ጊዜ በኃይል የተጠመዘዘ አንገት ሰውን ሽባ ሊያደርግ፣ ሊገድልም ይችላል። የአንገት ሕመም ኖሮ እጅና እግር ከደነዘዘ ወይም ከዛለ በፍጥነት ወደ ሆስፒታል ሂዱ።

መገጣጠሚያ በጋለ ብረት አይተኮስም። ቁስል ይጨምራል እንጂ በሽታውን አያስወጣም።

ማታ ስትተኙ ከጉልበታችሁ ሥር ትልቅ ትራስ አታድርጉ። ለጊዜው ያሳርፋል፤ እያደር ግን ጉልበት እንደታጠፈ ይቀራል።

መድኃኒቱን ማንበብ

ፊዚዮቴራፒ ሕመምን ይቀንሳል፤ እጅን ለሥራ ያቆያል። በሽታውን የሚያበርደው ግን መድኃኒት ነው። ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ። መድኃኒቱ በመጀመሪያዎቹ ወራት ከተጀመረ ብዙ መገጣጠሚያ ይድናል። የተበላ አጥንት ግን አይመለስም።

ከመድኃኒቶቹ አንዱ ሜቶትሬክሴት ይባላል። ልብ አድርጋችሁ አዳምጡ። ይህ መድኃኒት ለዚህ በሽታ የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው። በስሕተት በየቀኑ የወሰዱ ሰዎች ሞተዋል። እንግዲህ እነዚህን ሁለት ቃላት ለይታችሁ አንብቡ፤

በ-ቀ-ን።

በ-ሳ-ም-ን-ት።

ወረቀቱ ላይ የተጻፈው የትኛው ነው? ካልገባችሁ ደግማችሁ ጠይቁ። የምትወስዱበትን ቀን፣ ሰኞ ከሆነ «ሰኞ» ብላችሁ በራሳችሁ እጅ ጻፉበት። ያረገዘች ወይም ለማርገዝ ያሰበች ሴት ይህን መድኃኒት መውሰድ ስለሌለባት አስቀድማ ለሐኪሙ ትንገር። የደም ምርመራውንም አታቋርጡ።

ፕሬድኒሶሎንና ዴክሳሜታዞን የሚባሉ መድኃኒቶችም አሉ። ሕመሙን ቶሎ ስለሚያጠፉ ሰው ያለ ሐኪም ትእዛዝ ይገዛቸዋል። ለረጅም ጊዜ ሲወሰዱ አጥንት ያሳሳሉ፤ ስኳር በሽታ ያመጣሉ። ለረጅም ጊዜ የወሰዳችሁም ካላችሁ በድንገት አታቋርጡ፤ ሐኪም ቀስ በቀስ ይቀንሰው። ዳይክሎፌናክም ቢሆን ሲበዛ ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳል። በሙቀት አገር፣ ውሃ ሳይጠጡ ሲወስዱት ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል።

ወዴት እንሂድ?

መጀመሪያ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ንገሩ። እሷ ወደ ጤና ጣቢያ ትልካችኋለች። ጤና ጣቢያው ወደ ሆስፒታል ይልካችኋል። በታችኛው አዋሽ የታወቀው የዱብቲ ሆስፒታል ነው። እዚያ ስትደርሱ «መገጣጠሚያዬን ያመኛል» ብቻ አትበሉ። «ሁለቱም እጆቼ ያብጣሉ፤ ጠዋት ይህን ያህል ሰዓት ይደርቃሉ፤ ከጀመረኝ ይህን ያህል ወር ነው» በሉ። «የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ አለ ወይ? ከሌለስ የት ልሂድ?» ብላችሁም ጠይቁ። አንድ ቀን እንኳ ካገኛችሁት እንቅስቃሴውን ተማሩና ቤት ወስዳችሁ ሥሩት። እጅ አንጓን የሚደግፍ ማሰሪያ ያስፈልጋችሁ እንደሆነም እሱ ይነግራችኋል።

እንከልስ

የጋለና ያበጠ መገጣጠሚያ ከከባድ ሥራ ይረፍ፤ ግን ቀስ ብሎ ይታጠፍ። የበረደ መገጣጠሚያ በየቀኑ ይሥራ። የተጨመረ ሕመም ከሁለት ሰዓት ካለፈ ግማሹ ይቀነስ። መድኃኒቱ በሐኪም ትእዛዝ ይወሰድ። በጊዜ መታከም ጣትን ያድናል።

ውድ አንባቢዎች፣ በአፋር ምድር ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ዝም ብለው አይተላለፉም። ቁጭ ብለው ያዩትንና የሰሙትን ይነጋገራሉ። ይህም ዳጉ ይባላል። ዳጉ ሳይጨመር፣ ሳይቀነስ የሚተላለፍ ወሬ ነው። ይህንንም ትምህርት እንዲሁ አስተላልፉት። ማንበብ ላልጀመረው ጎረቤት አንብቡለት። ጣቷ ያበጠ እናት ካለች ሰባቱን እንቅስቃሴዎች አብራችኋት ሥሩ።

ጤና ይስጥልን።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. መገጣጠሚያ ሲግልና ሲያብጥ ምን ይደረጋል? ሲበርድስ?

2. የሁለት ሰዓት ደንብ ምንድን ነው?

3. በቤታችሁ ውስጥ ጣትን የሚጎዳው ሥራ የትኛው ነው? እንዴት ሊለወጥ ይችላል? ማንስ ሊያግዝ ይችላል?

4. «በቀን» እና «በሳምንት» የሚሉትን ቃላት በደብተራችሁ ላይ ጻፉ። ልዩነታቸውን ላጠገባችሁ ሰው አስረዱ።